ወተት በሊትር ሲሸጥ

ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የካፌ ማሽኖችን ፉጨት ሳይሰማ አያልፍም። ወተቱ በእንፋሎት ይሞቃል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቡናው ላይ ይደፋል። «ማኪያቶ፣ ወተት በዛ ይበል» ይላል አንዱ፤ «የኔን ጠቆር አድርጊው» ይላል ሌላው። በዚህ ከተማ ወተት ለሕፃንና ለታማሚ ብቻ የሚገዛበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ደላላው፣ ጡረተኛው፣ ብዙው ሰው ቀኑን የሚጀምረው ወተት የነካው ስኒ ይዞ ነው።

ማሽኑ ጀርባ የምትቆመው ልጅ ስለ ወተት ከብዙዎቻችን በላይ ታውቃለች። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ወተቱ አረፋ አልይዝ አለኝ» ትላለች። አረፋውን አቅፎ የሚያቆመው የወተቱ ፕሮቲን ነው። ወተቱ በመንገድ ሲንገላታ ወይም ሲቆይ ስቡ ይፈራርስና የሚለቃቸው አሲዶች አረፋውን ያከስሙታል። አምጪውን ስትጠይቀው «ከትናንትናው ቦታ ነው ያመጣሁት» ይላታል። እሱም እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሰበሳቢ ነው የተረከበው፣ ሰበሳቢው ደግሞ ከብዙ ቤት ነው ያጠራቀመው። ክርክሩ እዚያው ይቀራል። ዳኛ የለውማ።

እኔ የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው፤ ትምህርቴን ስጨርስ ወተት ላይ ሠርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የወተት ምርምር ማዕከል ምን ይሠራል ተብዬ ስጠየቅ፣ ጠያቂው የሚጠብቀው መልስ ብዙውን ጊዜ ይታወቀኛል። ብዙ የምትታለብ ላም ማዳቀል፣ አዲስ ዓይነት አይብ መሥራት፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ ወተት ማሸግ። ይህ ሁሉ ሥራው ነው። ከሁሉ በላይ የማከብረው ሥራው ግን ያ ካፌ ውስጥ የጎደለው ዳኝነት ነው። ርካሽ፣ ፈጣን፣ ሻጭም ገዥም አምኖ የሚቀበለው መለኪያ ማውጣትና መለኪያው እንዳይዋሽ መጠበቅ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ይመስለኛል።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ። የላም ወተት ሲታለብ ራሱ 87 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። የምንፈልገው ነገር ያለው በቀሪው 13 በመቶ ውስጥ ነው። ስቡ፣ ፕሮቲኑ፣ ስኳሩና ማዕድኑ። ይህ 13 በመቶ ደግሞ ከላም ላም ይለያያል። የፈረንጅ ላም የምንላት ሆልስታይን ብዙ ትሰጣለች፤ የወተቷ ስብ ግን 3.5 በመቶ አካባቢ ነው። የሐበሻ ላም የምትሰጠው ትንሽ ነው፤ ስቡ ግን ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ይደርሳል፣ ሲያልፍም ይታያል። ስለዚህ አሥር ሊትር የሐበሻ ላም ወተት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ንጹሕ ስብ አለ። 3 በመቶ ብቻ ስብ ያለው አሥር ሊትር ይዞ የመጣ ሰው 300 ግራም ገደማ ነው የያዘው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰበሳቢ ፊት ቆመው አንድ ዓይነት ዋጋ ይቀበላሉ። ገበያችን ወተትን የሚገዛው በሊትር ነውና።

በሊትር መግዛት ማለት ውሃን በወተት ዋጋ መግዛት ማለት ነው። ወተቱ ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው በእያንዳንዱ ጣሳ ይሸለማል፤ የማይጨምር ሰው በእያንዳንዱ ጣሳ ይቀጣል። ሰው ሁሉ ታማኝ ይሁን ብሎ መምከር ጥሩ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ታማኙን የሚያከስር ገበያ ዘርግቶ ምክር ብቻ መስጠት ግፍ ነው እላለሁ።

እርግጥ ገበያው ጨርሶ አይለካም ማለቴ አይደለም። እናቶቻችን አውራ ጣት ጥፍር ላይ ወተት ጠብ አድርገው ያያሉ። ቶሎ ከወረደ ቀጥኗል፣ ተንጠልጥሎ ከቆየ ወፍሯል። ሰበሳቢው ላክቶሜትር አለው፤ ወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፍ የብርጭቆ መለኪያ ነው፣ ጥሩ ወተት ላይ ቁጥሩ ከ28 እስከ 32 ያነባል። ውሃ ሲጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። አሁን አንድ ሰው ወተቱን አሳድሮ ከላይ የሰፈፈውን ስብ ገፈፈ እንበል። ስብ ከውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ስቡ ሲነሳለት የቀረው ወተት ይከብዳል፣ የላክቶሜትሩም ቁጥር ከፍ ይላል። ከዚያ ውሃ ሲጨምርበት ቁጥሩ ተመልሶ 30 ላይ ቁጭ ይላል። ሁለት ጊዜ የተበደለ ወተት ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። ላክቶሜትሩ የተበላሸ ሆኖ አይደለም፤ ክብደትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስቡን ለብቻው የሚለካ ነገር ከሌለ ይህ በር አይዘጋም።

ይህን በር የዘጋው ሰው ስቲቨን ባብኮክ ይባላል። ቦታው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1890። የዊስኮንሲን ገበሬዎች ለዓመታት ስንዴ ሲዘሩ ኖረው መሬታቸው ተሟጦ፣ ተባይም አስቸግሯቸው፣ ወደ ላም የዞሩ ሰዎች ነበሩ። ወተታቸውን ወደ አይብና ቅቤ ቤቶች ይወስዳሉ፤ እዚያ የሁሉም ወተት አንድ ላይ ይደባለቃል፤ ክፍያው በክብደት ነው። የሚሆነው ነገር እዚህ ከምናውቀው አይለይም። አንዱ ውሃ ይጨምራል፣ አንዱ ስብ ይገፍፋል፣ ታማኙ ያኮርፋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ኬሚስቱ ባብኮክ ማንኛውም አይብ ሠሪ ራሱ ሊሠራው የሚችል ፈተና አወጣ። የተለካ ወተት፣ የተለካ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በእጅ የሚሽከረከር ሴንትሪፉጅና ሙቅ ውሃ። አሲዱ ከስቡ በቀር ያለውን ይፈታዋል፤ ሽክርክሪቱ ስቡን ወደ ቱቦው አንገት ይገፋዋል፤ አንገቱ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ይነበባል። በቃ።

ባብኮክ ይህን ግኝት በባለቤትነት አላስመዘገበውም። የፈለገ ሁሉ እንዲሠራበት ለቀቀው። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት ለገበሬ ልጆች የወተት ትምህርት ቤት ከፍቶ ስለነበር፣ መለኪያው ከተማሪዎቹ ጋር ወደየመንደሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወተት በስቡ መጠን መከፈል ጀመረ። ውሃ መጨመር ትርፉ ጠፋ። ገበሬውም የትኛዋ ላሙ ጥሩ እንደሆነች በቁጥር አወቀ፤ ጥሩዋን አራባ፣ ደካማዋን ሸጠ። የላም ዝርያ ማሻሻል የሚባለው ትልቅ ሥራ ጭምር የቆመው በዚህ ቱቦ ላይ ነው። ያልለካኸውን ምን ብለህ ትመርጣለህ?

ብዙም ሳይቆይ ኒክላውስ ገርበር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ፤ አገራችን ላቦራቶሪዎች ውስጥ የሚሠራበት የገርበር ዘዴ ነው። ተማሪ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከምወዳቸው የላቦራቶሪ ሥራዎች አንዱ ነው። ቡቲሮሜትር የሚባል ወፍራም የብርጭቆ ቱቦ አለ። ሆዱ ሰፋ ይላል፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ አንገቱ ላይ መስመሮች ተሠርተዋል። መጀመሪያ 10 ሚሊ ሊትር አሲድ ይገባል። ቀጥሎ 11 ሚሊ ሊትር ወተት ቱቦውን ጎን ይዞ በዝግታ ይወርዳል፤ ከቸኮልክ ወተቱ ወዲያው ይቃጠልና ሥራው ይበላሻል፤ ከታገስክ ነጩ ወተት ጥርት ባለው አሲድ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ይጨመራል፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ቱቦው በጎማ ይደፈንና በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገለባበጣል። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የሚያስደንቀው። ነጩ ወተት መጀመሪያ ይበጫል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ጠቁሮ የቡና አተላ ይመስላል። ቱቦው እየጋለ ይመጣል፤ ያለ ጨርቅ በእጅ አይያዝም። ሴንትሪፉጁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይሽከረከራል፣ 65 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ሲወጣ አንገቱ ላይ ጥርት ያለ ቢጫ ዘይት ቆሞ ይታያል። 3.2 ወይም 4.1 ወይም 5.4። ከዚያ ቁጥር ጋር የሚከራከር ሰው አላየሁም። የፈለገ ሰው አጠገቤ ቆሞ ራሱ ያነበዋል።

የምንኖርበት ሰፈር ወተት የሚሸጡ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ወተቱ የሚመጣላቸው ከሱሉልታ በኩል ነው። በማለዳ በሚኒባስ ተጭኖ በቢጫ ጀሪካን ይደርሳል። እሳቸው መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ቀንሰው ይጥዱታል፤ ሲፈላ ካልተቆራረጠ ይረከባሉ፣ ከተቆራረጠ ይመልሳሉ። ይህ ፈተና የትም ትምህርት ቤት ያልተማሩት ነው፤ የወተት ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ግን በስሙ የተመዘገበ ፈተና ነው። ወተቱ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ፕሮቲኑ ሙቀትን መቋቋም ያቅተዋል። አልኮል ከወተት ጋር እኩል ቀላቅሎ የሚያይ ሰበሳቢም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የሱ ፈተና ቀድሞ ይይዛል እንጂ።

እማማ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ነሽ። መበላሸቱንስ እኔም አውቀዋለሁ። ውሃ አለበት ወይስ የለበትም? እሱን ንገሪኝ።» ይህ ጥያቄ ከማውቃቸው የምርምር ጥያቄዎች ሁሉ የጠራው ነው። መልሱ በሳይንስ የታወቀ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን እሳቸው ጀሪካኑን ይዘው የሚሄዱበት፣ በሩ ለእሳቸው የተከፈተ አንድ ክፍል በሰፈራችን የለም። እንዲህ ያለው ፈተና የሚሠራው ለፋብሪካ፣ ለጥናትና ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ስለ ጀሪካኑም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ወተት የሚበላሸው በሱ ነውና። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም። ፕላስቲኩ ውስጡ ሲጫጫር ባክቴሪያው እዚያ ይሸሸጋል፤ ጠዋት ንጹሕ ወተት ሲገባበት የትናንቱ እርሾ ይጠብቀዋል። ሞቅ ባለ ወተት ውስጥ ባክቴሪያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አፈ ሰፊው የአሉሚኒየም ዕቃ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከጀሪካን ጋር አይወዳደርም። ንጽሕናው ተለክቶ የማይከፈልበት ሰው ለምን ብሎ ውድ ዕቃ ይገዛል? እዚህም ላይ ተመልሰን መለኪያው ላይ ነው የምንወድቀው።

አገራችን በዚህ መስክ ባዶ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ ዘመናዊ የሚባለው የወተት ሥራ ሲተረክ የሚጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ ማቀነባበሪያ ተከፈተ፤ የአዲስ አበባ ሰው «የሾላ ወተት» እያለ ያደገው በዚያ ምክንያት ነው። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወተት ላሞችን ሲያጠና ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቋመ። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ ማዕከል አለ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ሲጀመርም ወተት ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል ልቤን የሚነካው ስለ እርጎና ስለ ቅቤ የተሠራው ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በማይክሮባዮሎጂ ዓይን ገጠራችንንና ጓዳችንን አጥንተዋል። እናቶቻችን ማሰሮውንና ቅሉን በወይራ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ ይመስለን ነበር። እሳቸውና ሌሎች ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ጭሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የባክቴሪያውን መራባት እንደሚያዘገይ አሳዩ። በዚያው ጥናት መስመር ሌላም የማያስደስት እውነት ወጣ፤ ወተት ሲረጋ የሚያወጣው አሲድ ብቻውን በሽታ አምጪውን ሁሉ አይገድልም። ሁለቱንም በአንድነት መናገር ነው ሳይንስ ማለት። ባህላችንን ለማወደስ ብቻ የመጀመሪያውን የሚጠቅስ፣ ባህላችንን ለማንቋሸሽ ብቻ ሁለተኛውን የሚጠቅስ ሰው ብዙ ሰምቻለሁ።

መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው፣ ባጭሩ ኢልካ የሚባለው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ደግሞ ሌላ ነገር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከናይሮቢው አቻው ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ኢልሪ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ሴቶች ማሰሮ ይዘው ለሰዓታት ሲንጡ አዩ። ማሰሮው ይቅር አላሉም። ማሰሮው ውስጥ የሚገባ ከእንጨት የተሠራ መናጫ አዘጋጁ፤ የመናጫው ጊዜ በጣም አጠረ፣ አሬራው ውስጥ የሚቀረው ስብ ቀንሶ የሚወጣው ቅቤ በዛ። ጥሩ ምርምር ምን ይመስላል ለሚለኝ ሰው ይህን ነው የምነግረው። የእናቴን እናት ክንድ የሚያሳርፍ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ለመድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኘ የሚለው ዜና ወጣ። ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነበር፣ የኢልሪ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት። 110 የወተት ናሙና ተመረመረ፤ የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደውን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ 29ኙ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚበልጠውን 0.5 ማይክሮግራም አልፈው ነበር። ምንጩም ተገኘ። ላሞቹ የሚበሉት መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው። ፋጉሎው እርጥበት ባለበት ሲከማች ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሻጋታው መርዝ ያወጣል፣ ላሟ ስትበላው ጉበቷ መርዙን ይለውጥና ከፊሉ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም፤ ፓስቸራይዝ ማድረግም አያጠፋውም።

ዜናው ሲሰማ በየቤቱ ድንጋጤ ሆነ። ልጅ ያላቸው ወተት መግዛት አቆሙ። የማውቃቸው አርቢዎች ወተታቸውን ይዘው ቀሩ። ድንጋጤው የሚፈረድበት አይደለም፤ ለልጅ የሚጠጣ ነገር ነውና። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከ110ሩ ናሙናዎች ውስጥ ከተፈቀደው ልክ ያላለፉም ነበሩ። ላሙን ሣርና ጭድ አብልቶ ያሳደገ፣ ፋጉሎውን አድርቆ በቆጥ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ያ ሰው ወተቱን «የኔን ለኩልኝ» ብሎ የሚያሳይበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ከሌላው ጋር አብሮ ሰመጠ። ላሟ የተመረዘውን መኖ ካቆመች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቷ ይጠራል፤ ችግሩ ሊፈታ የሚችል ችግር ነበር። መፍትሔው ያለው መኖ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ደረቅ ወለል፣ ነፋስ የሚያስገባ ግድግዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ። እውቀቱ ወደ ሕዝቡ የደረሰው ግን ፍርሃት ሆኖ ነው፤ ከፍርሃቱ ጋር ምን ይደረግ የሚለው አብሮ አልደረሰም። ዩኒቨርሲቲ ገበያው መሃል የሚቀመጥ ማዕከል ቢኖረው ኖሮ፣ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ እሱ ይሆን ነበር።

ሌላው በራሳችን አገር ብቻ መልስ የሚፈለግለት ጉዳይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የገና ጾም አለ። ላም አትጾምም። ሁዳዴ ሲገባ ካፌው የሚረከበው ወተት በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል፣ ላሟ ግን ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ዊስኮንሲንም ሆነ ዙሪክ ይህን ችግር አያውቁትም፤ ማንም ከውጭ መጥቶ አይፈታልንም። የጥንቱ መልሳችን መናጥ፣ ቅቤውን አንጥሮ ማቆየት ነው። ንጥር ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ወራት ይቆያል። እዚህ ላይ ግን መርካቶ ቅቤ ሻጮች ጋ የሚሰማው ሮሮ ይመጣል። ቅቤው ውስጥ የአትክልት ቅባት ተደባልቋል የሚል። ይህም ይለካል። የወተት ስብ ውስጥ ቡቲሪክ አሲድ አለ፤ የለመድናቸው የአትክልት ቅባቶች ውስጥ የለም። ስቡን ከፋፍለው የዚህን አሲድ መጠን ያያሉ፤ ከሚገባው በታች ከሆነ ተደባልቋል። በሁዳዴ ወተቱን ወደ ቅቤ የለወጠች አርቢ ቅቤዋ ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይዛ መርካቶ ብትገባ፣ ጾሙ ሲፈታ በምን ዋጋ እንደምትሸጥ አስቡት።

የላሟን ጤንነትም ዩኒቨርሲቲ በቀላል መሣሪያ መለካት ይቻላል ብሎ ያሳየበት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ውስጥ የወጣው የማስታይተስ፣ ማለትም የግት ሕመም፣ ፈተና የሚያስፈልገው አራት ጎድጓዳ ቦታ ያለው አንድ የፕላስቲክ ሰሌዳና የሳሙና ዓይነት ፈሳሽ ነው። ከአራቱ የግት ክፍሎች ትንሽ ትንሽ ይታለባል፣ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ሰሌዳው ይወዛወዛል። የታመመው ክፍል ወተት ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል። ዓይን የማያየው ሕመም እዚያው በረት ውስጥ ይታያል። ሕመሙ ቀድሞ ሲታወቅ ለላሟ የሚወጋው አንቲባዮቲክም ይቀንሳል፤ የተወጋች ላም ወተት ለተወሰኑ ቀናት መሸጥ የለበትምና ይህ ለጠጪውም ነው።

አሁን ደግሞ ከቱቦውም የቀለሉ ማሽኖች መጥተዋል። ኤኮሚልክና ላክቶስካን የሚባሉት የቡልጋሪያ ሥሪቶች ትንሽ ወተት ስበው በደቂቃ ገደማ ስቡን፣ ሌላውን ደረቅ ነገር፣ የተጨመረውን ውሃ ይናገራሉ። ስለዚህ መሣሪያ የለም የሚለው ምክንያት እየሳሳ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን ካልታረቀ ይስታል። የሐበሻ ላም ወተት በፈረንጅ ላም ልክ በተስተካከለ ማሽን ሲለካ ቁጥሩ ሊዛነፍ ይችላል። ማሽኑ የገዥው ከሆነ ደግሞ ሻጩ ይጠረጥረዋል፤ የሻጩ ከሆነ ገዥው። ሁለቱንም የማይወግን ሰው ያንኑ ወተት በገርበር ቱቦ ለክቶ ማሽኑን ማረቅ አለበት። ይህ ሥራ ትርፍ የለውም፣ ዝና የለውም፣ መጽሔት ላይም አይታተም። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው የምለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ዊስኮንሲን ማዲሰን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የወተት ምርምር ማዕከል የሚደገፈው ከገበሬዎቹ መዋጮ ጭምር ነው። ገበሬው ከሚሸጠው ወተት ላይ ትንሽ ትቆረጣለች፤ የዚያ መዋጮ ከፊል ወደ ማዕከሉ ይሄዳል። ስለዚህ አይብ ሠሪው አይቡ ሲሰነጠቅበት ደውሎ ይጠይቃል፣ ባለሙያው መልስ የመስጠት ዕዳ አለበት። የኛም አርቢ ማኅበራት ከሊትር ላይ ሳንቲም ቢያዋጡ፣ ካፌዎችም ቢጨምሩበት፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍሉንና ተማሪዎቹን ቢሰጥ፣ ሦስቱም የሚጠይቁትና የሚጠየቁበት ቦታ ይሆናል። ተማሪው ለመመረቂያው ናሙና ፍለጋ ከሚንከራተት ናሙናው በየጠዋቱ በራሱ እግር ይመጣለታል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። አንድ ውሃና መብራት ያለው ክፍል፣ ስምንት ቱቦ የሚይዝ ሴንትሪፉጅ፣ አሲዱን በጥንቃቄ የሚይዝ የሠለጠነ ሰው፣ አንድ ማሽን፣ ውጤት የሚጻፍበት ካርድ። ካርዱ ላይ ቀኑ፣ ስቡ፣ የተጨመረ ውሃ አለ ወይስ የለም የሚለው፤ ከታች ማኅተም። በሩ ላይ ማሽኑ በወሩ የታረቀበት ውጤት ይለጠፍ፣ ማንም እንዲያየው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ እስከ ሦስት ሰዓት ይሥራ፤ ወተት በቢሮ ሰዓት አይገባምና። ቦታው አራት ኪሎ ይሁን እላለሁ። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው፣ ገዥዎቹ ካፌዎች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፣ ጀሪካን ተሸክሞ ከሚኒባስ የወረደ ሰውም ሌላ ታክሲ ሳይይዝ ይደርሳል።